የጉልላት ካሚዮን ወደ አረካ
ጉልላት በ1926 ዓ.ም. ሶዶ ውስጥ አሮጌ ካሚዮን ይነዳ ነበር። አርባ ሊሞላው ሲል አሳየሽን አጨ። አረካ የሚኖሩት አባቷ አቶ ዳልጮ ግን ካሚዮን አይወዱም።

«በሠርጉ ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ አረካ ካልደረስክ ልጄን በበቅሎ ለሚመጣ ሰው እሰጣታለሁ» አሉት። «ለሚያስል ብረት ልጅ የለኝም!»

በሠርጉ ዕለት ካሚዮኑ መንገድ ሳያጋምስ ቆመ። የቤንዚኑ ቱቦ መጋጠሚያ ላልቶ ያንጠባጥባል። ጉልላት ሞተሩ ላይ ሲያጎነብስ ሚዜው ቦልቴ ለሠርጉ ከተቀባው የሙሽራው አናት ቅቤ ዛቀና መጋጠሚያውን ለቀለቀው።

«ምን ማድረግህ ነው?»

«አባቴ የወለቀ ትከሻ የሚያሹት በቅቤ ነው። ይሄ ከትከሻ ይበልጣል?»

ቤንዚኑ ቅቤውን ወዲያው አሟሙቶ ወሰደው።

«ኧረ ጠጣው!» አለ ቦልቴ።

ጉልላት ለሙሽራዋ ከተገዛው ስጦታ ሳሙናውን አወጣ። ቤንዚን ሳሙና አያሟሟም። የእንሰት ቃጫ በሳሙና አሽቶ በመጋጠሚያው ጥርስ ላይ ጠመጠመና አጠበቀው። ማንጠባጠቡ ቆመ።

አረካ ሲደርሱ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። አቶ ዳልጮ ፀሐይዋን አዩ፣ ካሚዮኑን አዩ፣ «እስቲ ልሞክረው» ብለው ጋቢና ገቡ። ከዚያ ወዲያ ማን ያውርዳቸው! አሳየሽ ከሚዜዎቹ ጋር ከኋላ ተጫነች።

ሶዶ ላይ ሙሽራ ሊያይ የወጣው ሕዝብ ከጉልላት ጎን ያገኘው ጺማም ሽማግሌ ነው። ሴቶቹ ጥቂት አመነቱና እልልታውን አቀለጡት። አቶ ዳልጮም ባርኔጣቸውን አንሥተው ተቀበሉ።