ግዛዋ በወተት

ባለፈው ሳምንት ዉድበሪ ከተማ፣ በሥራ ቦታዬ አንዲት ባልደረባዬ የዱቄት ብልቃጥ ከቦርሳዋ አውጥታ፣ «ለስትረስ ነው፣ ትራይ አድርጊው» አለችኝ። ክዳኑን ከፍቼ አሸተትኩት። ዝናብ የመታው ፈረስ ሽታ! ምን ልበላችሁ፣ ልቤ ዘለለች።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ከእናቴ ጋር ሴንት ፖል ከተማ፣ ፍሮግታውን ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ እንኖር ነበር፤ ወለሉ ሁልጊዜ ይሞቃል፣ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ ገና የጎልማሶች ትምህርት ጀማሪ ነበርኩ። እናቴ ከወሎ በመጣች በወሩ እንቅልፍ እምቢ አላት። ቀንም ሌሊትም ዓይኗ እንደፈጠጠ ነው። ብቻዋን ስትሆን ምድጃ ለኩሳ ስለምትረሳ፣ ከሰዓት በኋላ ትምህርቴን ትቼ እጠብቃት ጀመር። መምህሬ፣ «በሳምንት ውስጥ ካልተመለስሽ ቦታሽን ለሌላ እሰጣለሁ» አለችኝ።

አንድ ጠዋት የእርድ ቅመም ልገዛ አንዲት ሕንዳዊት ሱቅ ገባሁ። መደርደሪያው ላይ የደረቀ ሥር ያለበት እሽግ ተቀምጧል፤ እሽጉ ላይ ያለውን ሥዕል አየሁት፦ በስስ ከረጢት የተጠቀለለች ቀይ ፍሬ።

«ግዛዋ!» ብዬ በአማርኛ ጮህኩ።

«አሽዋጋንዳ» ስትል አረመችኝ ባለሱቋ። «የፈረስ ሽታ ማለት ነው። እኛ ለድካምና ለእንቅልፍ ፈጭተን በሞቀ ወተት እንጠጣዋለን።»

እኔ ሳላመሳክር አላምንም። እሽጉን ይዤ በበረዶው ላይ እየተንሸራተትኩ ወደ ላይብረሪ ሮጥኩ። የዕፀዋት መጽሐፍ ገለጥኩ፤ የግዛዋና የአሽዋጋንዳ ሳይንሳዊ ስም ፊደል በፊደል አንድ ነው! የእኛ አጥር ሥር የሚበቅለው፣ እነሱ በወተት የሚጠጡት! ያንን ገጽ ለማን ላሳየው?

ቤት ስመለስ እናቴ አንዱን ሥር ሰብራ አሸተተችው። «ወላሂ እሱ ነው! የሰው ዓይን ነው እንቅልፌን የነሳኝ፤ እታጠነዋለሁ።» ከልክዬ ሳልጨርስ መጥበሻ ላይ ጨመረችው። ጭሱ ጣራ ሲደርስ የእሳት ማስጠንቀቂያው ጮኸ፤ ልብስ አጣቢው ከታች መጥረጊያ ይዞ ወጣና በእጀታው ደብድቦ ዝም አሰኘው።

«አንቺ ልጅ፣ ቤቱን ልታቃጥይው ነው?» አለችኝ እናቴ፣ መጥበሻውን ከኋላዋ ደብቃ።

የተረፈውን በጠርሙስ ግርጌ ደቁሼ ወተት አሞቅሁ።

«ግዛዋ ይታጠናል እንጂ ይጠጣል እንዴ? ፈረስ ልታጠጪኝ?»

«እማዬ፣ ሕንዶቹ ከጥንት ጀምሮ ይጠጡታል።»

«ሕንድ ሆኜ እንዳልነሣ!» ብላ፣ ቢስሚላህ ብላ፣ አፍንጫዋን ይዛ ጨለጠችው።

በየቀኑ እየተሳደበች ጠጣች። በአምስተኛው ቀን፣ መምህሬ የሰጠችኝ ጊዜ በሚያልቅበት ዕለት፣ ከምሳ በኋላ፣ ሶፋው ላይ እንደተቀመጠች አንገቷ ዘመም አለ። ሥሩ ይሁን፣ ወተቱ፣ ወይስ ድካሙ፣ ዛሬም አላውቅም። ብቻ ተኛች! እጄን አፌ ላይ ጭኜ በደስታ ዘለልኩ። ምድጃውን ሁለት ጊዜ አየሁ፤ ጠፍቷል። ካፖርቴን ለበስኩ፣ ደብተሬን ያዝኩ። ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ የሚያልፈው አውቶቡስ ሊደርስ አሥር ደቂቃ ቀርቶታል።

በሩ ላይ ዘወር ብዬ አየኋት። እናቴ ስትተኛ አይቻት አላውቅም ነበር። ልጅ ሳለሁ ከእኔ በኋላ ተኝታ ከእኔ በፊት ነበር የምትነሣው። በእንፋሎት በደበዘዘው መስኮት የሚገባው ብርሃን ፊቷ ላይ አርፏል፤ አፏ ትንሽ ተከፍቷል፤ ስታንኮራፋም እንደ ሕፃን ነው።

አውቶቡሱ ሲያልፍ ሰማሁት። ቦታዬ ለሌላ ተሰጠ፤ ትምህርቴም በአንድ ዓመት ተጓተተ።

ያን ቀን ግን እግሯ ሥር፣ ሞቃቱ ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። ላብ በጀርባዬ ይወርዳል፤ እስኪመሽ ድረስ ካፖርቴን አላወለቅኩም፣ ዚፑ ድምፅ እንዳያሰማባት።