የክት ጥሩር

ዘርፉ አዳማ ውስጥ አንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ከገባች አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ትምህርቷን ሰባተኛ ክፍል ላይ ትታ፣ የሰው አንሶላ ስታጥብ፣ ስታሰጣና ስትተኩስ ዕድሜዋ አለፈ። ስለ ሰው ልጅ የምታውቀውን ሁሉ ያስተማራት አንሶላ ነው፤ የሰው ልጅም ብዙ አላስደነቃትም።

በዚህ ዕድሜዋ ጌም ትጫወታለች ብሎ የሚጠረጥራት የለም። ግን በየቀኑ ምሳ ሰዓት ጣራው ላይ በተሰጣው አንሶላ መሃል፣ የሆቴሉ ዋይፋይ በሚደርስባት አንዲት ጥግ ትቀመጣለች። ከዚያ ሁሉ ነገሩ በኩብ በተሠራ ዓለም ውስጥ ትቆፍራለች፣ ስንዴ ትዘራለች፣ ቤት ትሠራለች።

"ክፍለ ከተማ ሳልመላለስ ያገኘሁት መሬት ይሄ ብቻ ነው" ትላለች።

ጌሙን ያስተማረቻት ልጇ ሌንሳ ናት። ሌንሳ ሞጆ ደረቅ ወደብ ጥሩ የቢሮ ሥራ ነበራት። ከሰባት ወር በፊት ሥራዋን ለቅቃ ከባሏ ጋር ቡልቡላ ወርዳ ቲማቲም ማልማት ጀመረች። ዘርፉ በዚያን ቀን ያለችውን አለች፤ ሌንሳም የመለሰችውን መለሰች። ከዚያ ወዲህ አንዷ ለአንዷ ደውላ አታውቅም። የቀራቸው ጌሙ ነው። እዚያ አንድ ዓለም በጋራ አላቸው፤ እሱ ውስጥ ይጻጻፋሉ።

"ስንዴው ደርሷል" ትጽፋለች ዘርፉ።

"እሺ።"

"በጎቹ የሉም።"

"አንቺ በር ዘግተሽ ታውቂያለሽ?"

ችግሩ፣ ሌንሳ ያንን ዓለም ስትከፍት በክፉው ደንብ መክፈቷ ነው፤ አንዴ የሞተ አይመለስም። "እንዲያ ካልሆነ አትጠነቀቂም" ብላ ነበር ያኔ። ዘርፉ ከሞተች ከልጇ ጋር የምትገናኝበት አንድ በር ተዘጋ ማለት ነው።

ስለዚህ ከጌሙ አውሬ የሚያድነው የጦር ልብስ ነገር ቀልድ አልነበረም። በቆዳ ጀመሩ፤ የቆዳው አንድ ቀስት እንኳ አይመልስም። ብረት አወጡ። ከብረት ወደ አልማዝ ለመድረስ ዘርፉ ሁለት ወር እንደ ፍልፈል ቆፈረች። ለየቁራጩ ስም ያወጣችለት አብራት የምታጥበው ሚልካ ናት፤ ከስብከት የለቀመችው ነው።

"ደረት ላይ ያለው ጥሩር ይባላል፤ ራስ ላይ የሚደፋው ራስ ቁር። ፓስተራችን ዘወትር ይለዋል።"

"ፓስተርሽም ይጫወታል?"

"አንቺ ሴትዮ፣ አፍሽን ሰብስቢ!"

ከአልማዝ በላይ ደግሞ አለ። ከምድር በታች ሁሉም የሚነድበት የእሳት አገር አለ፤ እዚያ ገብተሽ ጥቁር ማዕድን ትፈልጊያለሽ። አራት ፍርፋሪ ከአራት ወርቅ ጋር ሲቀልጥ አንድ ቁራሽ ይወጣዋል፤ ያቺን ቁራሽ አልማዙ ላይ ስትደርቢበት ልብሱ ይጠቁርና የማይበገር ይሆናል። ሌንሳ ለራሷ አንድ ሙሉ ልብስ፣ ለእናቷ አንድ ሙሉ ልብስ ሠራች። ስንት ምሽት እንደፈጀባት አልጻፈችም። እናቷ እግር ስር ጣለችላትና "ልበሺው" ብላ ብቻ ጻፈች።

ሌንሳ የራሷን እዚያው ለበሰች። ዘርፉ ግን ሳጥን ሠርታ ከተተችው።

ምን ታድርግ፣ የዘርፉ ቤት እንዲህ ነው። ሶፋው ከነላስቲኩ ነው። የቴሌቪዥኑ ሪሞት ከነላስቲኩ ነው። ቡፌው ውስጥ ያሉት ሳህኖች ወጥ ምን እንደሚመስል አያውቁም። ጥሩ ነገር የክት ነው፤ የዘወትሩ ደግሞ እስኪያልቅ ይለበሳል። ጌሙ ውስጥም ዘወትር በብረቱ ትዞራለች፤ ሌንሳ "ጥሩሩስ?" ብላ ስትጠይቃት "አለ" ትላታለች።

አንድ ማክሰኞ ስልኳን ስትከፍት ሌንሳ ጽፋለች። "እማ፣ እሳቱ አገር ነኝ። ምግብ አልቆብኛል። ደሜም ሊያልቅ ነው። ድረሽ።"

ዘርፉ ወደ ሳጥኑ ሮጠች። ከፈተችው። ጥሩሩ ጥቁር ሆኖ፣ አንድ ጭረት ሳይኖርበት ተቀምጧል። "ይሄንን ለብሼ እሳት ውስጥ?" አለች ድምጿን አውጥታ። "ሊበላሽ?" ዳቦውን ይዛ ሳጥኑን ዘጋችና በብረቱ ሄደች።

ሌንሳን አገኘቻት። ዳቦውን ወረወረችላት። ሌንሳ በልታ ከእሳት አገሩ በሚያወጣው በር ስትወጣ፣ ዘርፉ ከኋላዋ እየተከተለች ሳለ፣ እንደ ደመና የሚንሳፈፈው ነጭ አውሬ እሳቱን ተፋባት። ያረጀው ብረት ተሰነጠቀ፤ እሷም ከእሳት አገሩ ሳትወጣ ሞተች። መንፈስ ሆና ስንዴዋን፣ ቤቷን፣ ከአየር ላይ ታያለች፤ አንዱንም መንካት አትችልም።

ስልኳ ጮኸ። ከሰባት ወር በኋላ ጮኸ።

"እማ! ጥሩሩን አልለበስሽም?"

"አልለበስኩም።"

"ለምን?"

"የክት ነዋ።"

 ከሌንሳ በኩል ሳቅ ይሁን ለቅሶ የማይለይ ድምፅ መጣ። "የክት! እኔ ነፍሴ ልትወጣ፣ አንቺ የክት! ለማን ቀብር ነበር የምትለብሺው?"

"ላንቺ ሰርግ እንዳልል፣ እሱን ሳትጠሪኝ በላሽው" አለች ዘርፉ፤ ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

"እማ፣ አሁን የት ልንገናኝ ነው?"

ዘርፉ አፍንጫዋን በሰው አንሶላ ጠረገች። "ቡልቡላ መኪና አይሄድም እንዴ?"

ከጣራው ወርዳ በቀጥታ አለቃዋ ጆቴ ዘንድ ሄደች። በአሥር ዓመት ታናሿ ነው፤ ሲያዝ ግን አያቷን ያህል ነው።

"ጆቴ፣ ቅዳሜ አልገባም።"

"ምነው? ምን ሆነሽ?"

"ሞቻለሁ።"

ጆቴ ከላይ እስከ ታች አያት፤ ፊቷ ሳቅ የለበትም፣ ዓይኗ ቀልቷል።

"ቀብሩ የት ነው?"

"ቡልቡላ።"

"እንግዲህ ነፍስ ይማር" አለ ጆቴ። "የሁለተኛ ፎቁን አንሶላ ግን ተኩሰሽ ነው የምትቀበሪው።"

ዘርፉ ካውያውን ሰካችና ቆማ እስኪግል ጠበቀች።