ለመቶ ዓመት የታጠበ ፎቶግራፍ

በዚህ ታሪክ ውስጥ የነበርነው አራት ሰዎች ነን። ስም አልጠራም፤ ሁለቱ ዛሬ በሕይወት የሉም፣ ያሉትም ስማቸው ወረቀት ላይ እንዲወጣ አልጠየቁኝም። የመጀመሪያው እኔ ነኝ፤ በደርግ ዘመን ነቀምቴ ውስጥ፣ ከገበያው በላይ፣ ፎቶ ቤት የነበረኝ ሰው። ሁለተኛዋ ትልቋ ልጄ ናት፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ማትሪክ ስላልመጣላት ከእኔ ጋር ጨለማ ክፍል ውስጥ ትሠራ ነበር። ሦስተኛው ጉራጌው ነጋዴ ነው፤ ከአጠገቤ ሱቅ ከፍቶ ከሳሙና እስከ ምስማር የሚሸጥ፣ አዲስ አበባ በወጣ ቁጥር የፎቶ ወረቀትና ኬሚካል የሚያመጣልኝ። አራተኛዋ ከነቀምቴ ወጣ ብላ ካለችው ከጉቴ የመጣች ባሏ የሞተባት ሴት ናት። አራታችንንም ያጣላን አንድ ወረቀት ነው።

ፎቶግራፍ ያስተማረኝ ሰው የለም። ከወረቀቱ ካርቶን ውስጥ የሚወጣውን መመሪያ በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ፣ አንዱን ቃል ሳላገኝ ሳምንት እያደርሁ ነው የተማርሁት። ስለዚህ የማውቀውን በቀላሉ የምለቅ ሰው አይደለሁም። ያወቅሁትም ይህ ነው፤ ፎቶግራፍ የሚጠፋው አርጅቶ ሳይሆን በአጣቢው ስንፍና ነው። ምስሉን የሚያጸናው ሃይፖ የሚባለው ኬሚካል ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ከወረቀቱ ውስጥ ካልወጣ፣ ቆይቶ ያንኑ ያጸናውን ምስል መልሶ ይበላዋል። በከተማችን አንድ ጊዜ ውኃ ውስጥ ነክረው፣ ገና ሳይደርቅ በጋዜጣ ጠቅልለው የሚሰጡ ነበሩ። ገንዘቡን ተቀብለው የሰውን አባት ለሦስት ዓመት ብቻ መስጠት ሌብነት ነው እላለሁ። ያን ጊዜም እል ነበር፤ አልተወደድሁበትም።

የእኔ አሠራር ሌላ ነበር። ወፍራሙን ወረቀት እመርጣለሁ፤ በእጅ ሲይዙት የሚከብደውን፣ ሲደርቅ ጠርዙ የሚጠቀለለውን። ሃይፖውን ቶሎ ቶሎ እቀይራለሁ። የቧንቧው ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣና ጭቃ ስለሚቀላቅል፣ የማጥበው ከቆርቆሮው ጣራ በአሸንዳ በርሜል ውስጥ በሚወርደው ዝናብ ነው። የወለጋ ክረምት ለእርሻው ብቻ አይደለም የሚዘንበው። እንዲቆይ የምፈልገውን ደግሞ መጨረሻ ላይ ቡናማ አደርገዋለሁ። የቆዳ ፋብሪካዎች ከቆዳ ላይ ፀጉር ለማራገፍ የሚጠቀሙበት ሰልፋይድ የሚባል ነገር አለ፤ ነጋዴው ከቆዳ ነጋዴዎች ላይ ያገኝልኝ ነበር። በእሱ ውስጥ ያለፈ ምስል ጥቁርነቱን ይተውና እንደ ተቆላ ገብስ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ፀሐይም እርጥበትም እንደ ልቡ አይጫወትበትም።

በዚያ ዘመን የውጭ ዕቃ ጠፍቶ ስለነበር ወፍራሙ ወረቀት እያለቀ መጣ። በትልቁ መጠን ሁለት ብቻ ቀሩኝ። ነጋዴው በዚያ ክረምት አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆኖ አንድ ካርቶን አመጣልኝ። ከፈትሁትና አንዱን ሳብ አድርጌ በጥቁሩ ከረጢት ውስጥ በጣቴ ዳሰስሁት። ፕላስቲክ የተቀባ ወረቀት ነው።

«ይሄ ወረቀት አይደለም» አልሁት።

«ምንድነው ታዲያ?»

«የጠረጴዛ ልብስ ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ወረቀት ነው የምትገዛው ወይስ ሚስት ነው የምታጨው? ዳሰስህ፣ አሸተትህ፣ ቀረህ ዘሯን መጠየቅ!»

«አልወስድም።»

«አዲስ አበባ ያለው ሁሉ በዚህ ነው የሚሠራው።»

«አዲስ አበባ ይሥራበት» ብዬ መለስሁለት። ያለ ምክንያት አልነበረም። ዓመት ቀደም ብሎ አንድ መንገደኛ በሰጠኝ እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ የሠራሁት የሙሽሮች ፎቶ መስኮቴ ላይ ተሰቅሎ፣ አንድ በጋ ሳይሞላው እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ነበር። በዓይኔ ያየሁትን ማንም አያስክደኝም። ነጋዴው ካርቶኑን ይዞ እየሳቀ ወጣ፤ ከሱቁ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው።

ሴትየዋ የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ጫማዋን በእጇ ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«አካም ኦልተኒ፣ ኦቦ» አለችኝ፤ እንዴት ዋሉ፣ ጌታዬ ማለቷ ነው።

«ናጋ፣ አዴ። ግቢ።»

ከመቀነቷ ውስጥ የገበሬ ማኅበር መታወቂያ አውጥታ ሰጠችኝ። ላዩ ላይ ያለው የሰውየው ፎቶ ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም አይበልጥም፤ ማኅተሙ ትከሻውን ሸፍኖታል። ሌላ ፎቶ ተነሥቶ አያውቅም።

«ባሌ ነው» አለች። «አምና በክረምት ሞተ። ወንዙ ሞልቶ ማዶ ቢላ የሚኖሩት ዘመዶቹ ቀብሩ ላይ አልደረሱም። እናቱም አልደረሰችም። ቅዳሜ ሙት ዓመቱ ነው፤ ዘንድሮ ቀድመው ተነሥተዋል፣ ይመጣሉ። ፎቶውን ይዘው ነው የሚያለቅሱት። እናቱ ዓይኗ ደክሟል፣ ኦቦ። ትልቅ ያድርጉልኝ። ስታየው ልጄ ነው ማለት አለባት።»

በእኛ አገር ቀብር ያልደረሰ ሰው ዕዳ እንዳለበት ነው የሚቆጠረው፤ ዓመትም ቢያልፍ መጥቶ ያለቅሳል። የሚያለቅስበት ሬሳ ስለሌለ ፎቶው ሬሳውን ይተካል። ይህን አውቃለሁ። አውቄም ነው «ሐሙስ ነይ፣ የልጅ ልጅ የሚያየው አድርጌ እሠራልሻለሁ» ያልኋት። አሥር ብሯን ቆጥራ ሰጠችኝ።

ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ። መታወቂያውን በመስኮት ብርሃን ፎቶ አንስቼ፣ ማኅተሙን ከኔጌቲቩ ላይ በቀጭን ብሩሽ ሸፈንሁ። ከሁለቱ ወፍራም ወረቀቶች አንዱን ቆራርጠን ለሙከራ አዋልነው። በመጨረሻው ላይ ሰውየውን አወጣነው፤ ጥቁር፣ ቀጭን፣ ጆሮው ከፈት ያለ፣ ካሜራውን እንደ ግብር ሰብሳቢ የሚያይ ሰው። ልጄና እኔ ከበርሜሉ እየቀዳን፣ ውኃ እየቀየርን ግማሽ ቀን አጠብነው። እዚያ ላይ ማቆም ይቻል ነበር።

አላቆምሁም። ቡናማ ለማድረግ ምስሉ መጀመሪያ በሌላ ኬሚካል ይነጣል፤ ከነጣው ላይ ነው ቡናማው የሚወጣው። ልጄ ሳህኑ ላይ ጎንበስ ብላ የሰውየው ፊት ቀስ በቀስ ሲጠፋ ታያለች።

«አባባ፣ ጠፋ እኮ!»

«ይመለሳል።»

«ሴትየዋ ቡናማ ይሁን ብላለች?»

«ሐኪም በሽተኛውን የትኛውን መርፌ ልውጋህ ብሎ ይጠይቃል?»

የእሷ ዝምታ ስምምነት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን አባት ነኝና እንደ ስምምነት ቆጠርሁት። ሰልፋይዱን ስናፈስስ የታወቀው ሽታ፣ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ፣ ግቢውን ሞላው። እሷም ሳህኑን ስታነሣ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰባት፤ ለገና ያሰፋሁላት ቀሚስ ነበር፤ እድፉ ዳግመኛ አልለቀቀም። የቀበሌው ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ፣ አፍንጫውን በኮቱ እጅጌ ይዞ ብቅ አለ።

«ጓድ፣ ምን ሞቶብህ ነው?»

«ሥራ ላይ ነኝ።»

«እንዲህ የሚሸት ሥራ አብዮቱ አያውቅም!» ብሎ ሄደ። ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ፊቱ እየተመለሰ ነበርና። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያማረ ሥራ ከእጄ አልወጣም።

ሐሙስ ሴትየዋ መጣች። ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ወደኋላ አልሁ። አየችው። እኔን አየችኝ። እንደገና አየችው።

«ይሄ ማነው?»

«ባልሽ ነዋ።»

«ባሌ ጉራቻ ነው፤ ጥቁር። ይሄ ዲማ ነው፣ ቀይ ሰው። ምነው አቀሉት?»

«አዴ፣ ቀለሙ ነው እንጂ ፊቱ ራሱ ነው። ይህ መቶ ዓመት ይቆያል። ጥቁሩ ይደበዝዛል፣ ይሄ አይደበዝዝም። ለአንቺው ስል ነው።»

እስከዚያ ድረስ «እርስዎ» ስትለኝ የነበረች ሴት ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«መቶ ዓመት ማን ያየዋል? አንተ ታየዋለህ? እናቱ የምታየው ቅዳሜ ነው! ይሄን ልስጣት? የማን ልጅ ነው ትበለኝ? የሰው ባል ይዛ መጣች ያሰኘኛል!»

ብዙ ነገር መለስሁላት። ስለ ሃይፖው፣ ስለ ፀሐዩ፣ ሰው የሚቆየውን ትቶ ለዓይኑ የሚጥመውን ስለመምረጡ ነገርኋት። ዛሬም አንዱን ቃል ሐሰት ነው አልልም። እሷ ግን አልሰማችኝም። ደፉ ላይ ተቀመጠች፤ ጫማዋን አጠገቧ አስቀመጠች። «አልሄድም» አለች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ልጄ ከጨለማው ክፍል ወጥታ እጇን እየጠረገች፣ «ኔጌቲቩ አለ፣ አባባ» አለች። «ወረቀትም አለ።»

«የት?»

«መደርደሪያ ላይ።» የማን መደርደሪያ እንደሆነ አልነገረችኝም። አስፈላጊ አልነበረም።

ወደ ነጋዴው ሱቅ የሄድሁበትን እርምጃ ያህል የከበደኝ መንገድ የለም። ከጀርባው ካርቶኑ ይታያል።

«አንድ ወረቀት ስጠኝ» አልሁት።

«ከጠረጴዛ ልብሱ?»

«ከእሱ።»

«በነጠላ አይሸጥም። አንዱ ከጎደለ ማን ይገዛኛል? አንተ ራስህ ብርሃን ነክቶታል ብለህ አትገዛም።»

እውነቱን ነው፤ አልገዛም ነበር። ካርቶኑን በሙሉ አርባ ብር አለኝ። ትክ ብሎ አየኝና ሁለት ብር ቀነሰልኝ። «ይቺ ለተሰደበችው ወረቀት ካሣ አይደለችም፤ ለፊትህ ናት። እንዲህ ያለ ፊት ይዘህ ቤትህ አትግባ» አለ።

መብራት ጠፍቶ ነበር። ያለ መብራት የፎቶ ማጉያው አይሠራም። ከቀትር ጀምሮ ሦስታችን፣ እኔ ወንበር ላይ፣ ልጄ በጨለማው ክፍል በር ላይ፣ ሴትየዋ ደፉ ላይ፣ የማይመጣውን መብራት ጠበቅን። ወደ ማታ ሲል መጣ። ልጄ ከእኔ ቀድማ ገባች። ይህ ፕላስቲክ ወረቀት የሚያናድደው ሥራው ሁሉ ቀላል መሆኑ ነው፤ ምስሉ ቶሎ ይወጣል፣ ኬሚካሉ ውስጡ ስለማይገባ ጥቂት ውኃ ይበቃዋል፣ በጨርቅ ጠርገህ ልትሰጠው ትችላለህ። ግማሽ ቀን የደከምሁበትን ቡና እስኪፈላ ባለ ጊዜ ውስጥ ጨረሰው። ያለ ድካም የሚገኝ ነገር አያምረኝም፤ ልጆቼንም ያሳደግሁት እንደዚያ ብዬ ነው።

ሴትየዋ ገና ውኃ ውስጥ ሳለ አየችውና እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ኢሱማ!» አለች፤ ራሱ ነው ማለቷ ነው። ቡናማውን በነጻ ውሰጂ፣ ሣጥን ውስጥ አኑሪው ብላት፣ «ሁለት ባል አልነበረኝም» አለችኝ። ወደ «እርስዎ» አልተመለሰችም።

ቅዳሜ ጉቴ ሄድሁ። ለልጄ «ፎቶውን ፍሬም ውስጥ ሲያስገቡት ከመስተዋቱ ጋር እንዳያጣብቁት ልነግራቸው ነው» አልኋት፤ ማየትም ፈልጌ ነበር። የለቅሶው ዳስ ያፈስሳል። የቢላ ሰዎች ጭቃ እስከ ጉልበታቸው ደርሶ ገቡ። እናቲቱን ደግፈው አስቀመጧት፤ ፎቶውን ሰጧት። ወደ ዓይኗ አስጠጋችው፣ አራቀችው፣ እንደገና አስጠጋችው። ከዚያ ጆሮውን፣ ያንን ከፈት ያለውን ጆሮ፣ በጣቷ ነካች።

«ኢልማ ኮ» አለች። ልጄ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለእውነት ስል እጽፋለሁ። ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሳሙት፣ ደረታቸው ላይ ጫኑት፣ እንባና ዝናብ ወረደበት፣ በነጠላ ጫፍ ጠረጉት፣ እንደገና ሳሙት። የእኔ ወፍራም ወረቀት ያን ያህል እርጥበት አይችልም ነበር፤ ቆዳው ይላጥ ነበር። ፕላስቲኩ ቻለው። ይህን ሳይ ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድሁ፤ መመሪያው ላይ ስለ ለቅሶ የተጻፈ ነገር አልነበረም። ስለ መስተዋቱ የሰማኝ ሰው አልነበረም። ከዓመታት በኋላ በዚያ ሳልፍ ገባሁ፤ መስተዋቱ ላይ ተጣብቆ ጠርዙ ቢጫ ሆኖ፣ በግንባሩ ላይ ስንጥቅ ወጥቶበት አየሁት። ሴትየዋ ወተት አቀረበችልኝ። እናቲቱ ከዚያች ቅዳሜ በኋላ ክረምቱን አልጨረሰችም ብላ ነገረችኝ። ስለ ስንጥቁ ምንም አላልሁም፤ እንዲህ ዝም የማለት ልማድ የለኝም።

ሒሳቡ ይኸው ነው። እሷ አሥር ብር ለእኔ፣ ሁለት ብር ለመኪና። እኔ ለካርቶኑ ሠላሳ ስምንት፣ ለባከነው ወረቀት ሦስት፣ ለኬሚካሉ ስድስት፣ ጉቴ ደርሼ ለመመለስ አንድ፤ ከእሷ የተቀበልሁት ሲቀነስ ሠላሳ ስምንት። ነጋዴው ለፊቴ ሲል የቀነሰው ሁለት። የልጄ ቀሚስ አሥራ አምስት። ለአንድ ፊት፣ ከአራታችን፣ ስልሳ ሰባት ብር ወጣ።