ሞረድ የማይቀበለው መጋዝ

ኅዳር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሰኞ። በአባቴ የሥራ ጠረጴዛ ላይ የቀረው የጥድ ሣጥን ሦስቱ ማዕዘኖቹ ተጋጥመዋል፤ የአራተኛው መሥመር በእርሳስ ተሠምሯል እንጂ አልተቆረጠም። መሥመሮቹ ስምንት ናቸው። ሁለት ጊዜ ቆጥሬያቸዋለሁ። አባቴ በማግስቱ ማክሰኞ ጎህ ሳይቀድ በተኛበት አረፈ።

ስሙ አለምነህ ነው፤ አናጢ ነበር። የተወለደው አንኮበር ሲሆን ዓመቱን ራሱም እርግጠኛ ስላልነበረ እኔም አልጽፈውም። ደብረ ብርሃን የመጣው እኔ ትምህርቴን ጨርሼ መዝገብ ቤት በተቀጠርኩበት ዓመት ነው። ከግቢያችን ጥግ ቆርቆሮ ዘርግቶ የሥራ ቦታ አበጀ፤ ከዚያ በኋላ ቤቱ ያ ጥግ ሆነ።

ሥራው ዝግ ያለ ነበር። እንጨት ከመቁረጡ በፊት በመዳፉ ይዳብሰዋል፤ ያሸተዋል፤ ከዚያ አጠገቡ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ጠዋት ውርጩ ቀልጦ ከቆርቆሮው ጠብ ጠብ ሲል፣ የጥዱ ሽታ ግቢውን ሲሞላው፣ እሱ እዚያው ተቀምጦ የት እንደሄደ አይታወቅም። «አባባ፣ ቁርስ ደርሷል» ስለው ከሩቅ አገር እንደሚመለስ መንገደኛ ቀስ ብሎ ቀና ይላል።

አንድ ሕልም ነበረው፤ ሦስት ጊዜ ነግሮኛል። አንኮበር ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሟል፤ ከታች እስከ አሊዩ አምባ ድረስ ያለው አገር በጉም ተሞልቷል። መጋዙን አውጥቶ ጉሙን መቁረጥ ይጀምራል። መጋዙ ድምፅ የለውም፤ ከጨርቅ ላይ ክር እንደሚመዘዝ ዝም ብሎ ይሄዳል። የተቆረጠው ጉም ግራና ቀኝ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ በመካከሉ የሚታየው መንገድ ደረቅ ነው። በሁለተኛው ጊዜ ሲነግረኝ መጋዙ እጀታ አልነበረውም። የትኛው ትክክል እንደሆነ ብጠይቀው «ሕልም ላይም ፊርማ ትጠይቂያለሽ?» ብሎ ሳቀብኝ።

በ2016 ሚያዝያ አንኮበር ያለው የአባቱ ቤት ስላዘመመ ፈረሰ። ከቤቱ ይዞ የመጣው ምሰሶውን ብቻ ነው። ጥድ ነው፤ ከውጭ በጭስ ጠቁሯል፤ ልቡ ግን ገና ቀይ ነበር። ከምሰሶው ስድስት ሳንቃ ወጣ፤ አራቱ ለሣጥን ጎን፣ አንዱ ለታች፣ አንዱ ለክዳን። ትርፍ የሚባል አልነበረም። ሣጥኑ ለእኔ ነው። የቤታችንን ወረቀት ሁሉ፣ የእናቴን የጋብቻ ወረቀት ሳይቀር፣ በፌስታል ቋጥሬ ቁም ሣጥን ላይ ማኖሬን ካየ ጀምሮ አላስቀምጥ ብሎኝ ነበር።

«የሰው ወረቀት በመደርደሪያ፣ የራስሽ በፌስታል» ይለኛል። «ደግሞ ደመወዝ ይከፍሉሻል።»

ችግሩ ቀኝ እጁ ነበር። ከክረምቱ ጀምሮ መንቀጥቀጥ ይዞታል። አሮጌ መጋዙ ሲገፉት የሚቆርጥ፣ የክብሪት እንጨት ውፍረት ያህል የሚበላ ነው፤ እጁ ሲንቀጠቀጥ ምላጩ ይለመጥና መሥመሩን ይስታል። አንድ ቀን በባሕር ዛፍ ቁራጭ ላይ ሲሞክረው ከቤት ውስጥ አየሁት። የቆረጠውን አገላብጦ አየና ምድጃ ውስጥ ወረወረው። ማየቴን አልነገርኩትም።

ለጓደኛው ለአቶ ኪዳነወልድ ግን ተናገረ። አቶ ኪዳነወልድ በማሽን የሚሠራ የእንጨት ሥራ ቤት አለው፤ ከአባቴ ጋር ሲገናኙ ሳይነቋቆሩ አይለያዩም።

«እነዚህን ሳንቃዎች ካበላሸሁ መጋዝ ዳግመኛ አልነካም» አለው አባቴ።

«አምጣቸው ወደ እኔ። ቡናህን ሳትጨርስ ቆራርጬ እሰጥሃለሁ።»

«አንተማ ሰጋቱራውን በጆንያ፣ ሣጥኑን በኪስ ነው የምትመልስልኝ።»

«ሂድና ታዲያ መጋዝ ፈልግ!»

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ፣ አብሬው ወጣሁ። ከገበያው ከፍ ብሎ ወይዘሮ ይመኙሻል የምትባል የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ አለች። ያላትን ጥሩ ጥሩ መጋዝ ሦስት አወጣች። አባቴ የመጀመሪያውን ከጆሮው አስጠግቶ በጥፍሩ መታው። አዳመጠ። ደግሞ መታው።

«ጋሼ አለምነህ፣ መጋዝ ነው የሚገዙት ወይስ ክራር?»

«ቅኝቱ ካልተስተካከለ ምን ይቆርጣል ብለሽ ነው?»

ምላጩን በሁለት እጁ ለመጠው፤ ሲለቀው ቀጥ ብሎ አልተመለሰም። ወደ ጎን አኖረው። ሁለተኛው ከጀርባው ላይ የነሐስ ድጋፍ ያለው፣ እጀታው ከጠንካራ እንጨት የተሠራ ነበር። በአንድ ዓይኑ በጥርሶቹ መሥመር አሻግሮ ወደ በሩ ብርሃን አየ። ከዚያ ከኮቱ ኪስ ትንሽ ሞረድ አወጣ።

«ኧረ በማርያም! ገና ሳይከፍሉ ጥርሱን ሊሞርዱት ነው?»

«አንዷን ብቻ። ትቀበል እንደሆነ ልይ።»

ይህ የዕድሜ ልክ ሕጉ ነበር። ሞረድ የማይነክሰው መጋዝ ሲደንዝ ስለማይሳል መጋዝ አይባልም ይላል። የነሐሱ ተቀበለ። አባቴ ፈገግ አለ፤ ሴትየዋም የተሸጠ መስሏት ዋጋ ልትናገር አፏን ከፈተች። እሱ ግን ቁራጭ እንጨት እንድትሰጠው ጠየቃት። በቀኝ እጁ ይዞ ገፋው። ሦስት ጊዜ ገፋ። ምላጩ አልተለመጠም፤ ክብደቱ ግን እጁን አደከመውና በአራተኛው ከመሥመሩ ወጣ። ጠርጎ በቀስታ ወደ ቦታው መለሰው።

ሦስተኛው ቀጭን ነበር፤ እንደ ወረቀት። እጀታው ረጅም፣ እንደ ዱላ ቀጥ ያለ። የሚቆርጠው ሲገፉት ሳይሆን ወደ ራስ ሲስቡት ነው። አባቴ ሞረዱን ጥርሱ ላይ ሲያሳርፍ ሞረዱ ተንሸራተተ።

«ይሄ አይሞረድም፣ ጋሼ። ጥርሱ በእሳት የጠነከረ ነው። ሲደንዝ መጣል ነው።»

እንጨቱ ላይ አስቀምጦ ሳበው። ድምፁ የሚሰማ አይመስልም። ሲሳብ ምላጩ ተወጥሮ ቀጥ ይላል፤ የእጁ መንቀጥቀጥ እጀታው ላይ ቀርቶ ወደ ጥርሱ አልወረደም። በሱቁ ውስጥ ከውጭ የሚገባው የገበያ ጫጫታ የራቀ መሰለኝ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ሲገልጠው ቁራጩ ወድቋል፤ መሥመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለሁለት ተከፍሏል።

«ስንት ዓመት ይቆርጣል?» አላት።

«እርስዎ እንደሚይዙት ከተያዘ ሦስት ዓመት። ቢበዛ አራት።»

ሞረዱን ወደ ኪሱ መለሰ።

«ይበቃል» አለ።

ወይዘሮ ይመኙሻል ቀልድ የሚያልቅባት ሴት አይደለችም። ያን ጊዜ ግን ጎንበስ አለችና የምትጠቀልልበት ወረቀት መፈለግ ጀመረች።

አቶ ኪዳነወልድ መጋዙን ሲያየው ሳቀ። «ወደ ራሱ ብቻ የሚስብ! ንፉግ መጋዝ ገዝተህ መጣህ።»

«ከማን ጋር እንደምውል ያውቃላ።»

የመጀመሪያውን ማዕዘን አንድ ሳምንት ሙሉ ሠራው። በቀን አንድ ሁለት መሥመር ይቆርጣል፤ ከዚያ ተቀምጦ ያየዋል። ከሥራ ስመለስ ጉልበቱ ላይ የተኛው ሰጋቱራ ዱቄት ይመስል ነበር፤ እፍ ስል ቀይ ሆኖ ይበናል። የሁለቱ ሳንቃ ጫፍ ጥርስ በጥርስ ሲገባ ምስማር አልፈለገም። ወረቀት ላሾልክ ሞክሬ አልገባልኝም። የወረቀት ሙከራው የእኔ ነበር፤ እሱ አልጠየቀም። ሁለተኛውን በስድስት ቀን ጨረሰ። ሦስተኛው ኅዳር 20፣ ዓርብ ተጋጠመ። በዚያ ሰሞን ስለ እጁ ማውራት ትቶ ነበር። አንድ ምሽት ላይ ለእኔም ለራሱም ባልሆነ ድምፅ፣ አንድ መቀመጫ ቢሠራ፣ ሁለትም ቢሠራ፣ እያለ ሲያስብ ሰማሁት።

ሰኞ ጠዋት የአራተኛውን ማዕዘን መሥመሮች አሠመረ። የሚቀጥለውን ያየሁት አይደለም፤ አቶ ኪዳነወልድና ባለ ጋሪው የነገሩኝ ነው። አራት ሰዓት ገደማ አቶ ኪዳነወልድ ስልክ ደውሎ ከአሊዩ አምባ በኩል የዋንዛ ጣውላ እንደመጣለት ነገረው። አባቴ መጋዙን ጠርጎ ሰቀለና ጃኬቱን ለብሶ ሄደ። ከተደረደሩት መካከል ለመቀመጫ የሚሆን አንዱን መረጠ፤ መዳፉን ከዳር እስከ ዳር አስኬደበት፤ አሸተተው።

«እርጥብ ነው» አለው አቶ ኪዳነወልድ። «ዓመት ሳይሞላው እንዳትነካው።»

«እኔ መቼ ቸኩዬ አውቃለሁ?»

ጣውላውን በጋሪ አስጭኖ፣ እሱ ከኋላ በእግሩ እየተከተለ፣ ወደ ቤት አመጣው። ከቤቱ ጀርባ፣ ፀሐይ ከማይመታው ግድግዳ ሥር ሦስት ጉማጅ እንጨት ደርድሮ ነፋስ ከሥሩ እንዲያልፍ አድርጎ አጋደመው። በጫፉ ላይ በእርሳስ «ኅዳር 23/2017» ብሎ ጻፈ። ባለ ጋሪውን እስከ በር ሸኝቶ ተመለሰ።