የልጄ ትንሿ ጣት

አቃቂ ፖሊስ ጣቢያ ያስገቡኝ ቀን መጀመሪያ ያየሁት የሴቶቹን ክፍል ግድግዳ ነው፤ እርጥበት እስከ ወገቡ በልቶታል። ክፍሉ በረኪናና ያልደረቀ ብርድ ልብስ ይሸታል። ከውጭ የብረታ ብረት ፋብሪካው ድምፅ ይሰማል። ክሴ "ሕዝብን በመንግሥት ላይ ማነሳሳት" ነው አሉኝ። እኔ ግን ያነሳሁት የአንድ የባዮሎጂ አጋዥ መጽሐፍ ነገር ነበር።

የጻፍኩትን ረቂቅ "እስኪ ልየው" ላለኝ የትምህርት ቤት አለቃዬ ሰጥቼው ነበር። እሱ ሹመት ባገኘ ማግስት መጽሐፉ በሱ ስም ታትሞ ወጣ። ፌስቡክ ላይ ጻፍኩ፤ ሌባን ሌባ ማለት አድማ ሆኖ ተገኘ። መርማሪው "መጽሐፉ የእኔ አይደለም" የሚል ወረቀት አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። ብፈርም ያኔውኑ ቤቴ እገባለሁ። ልጄ ገላን ኮንዶሚኒየም ጎረቤታችን ዘንድ ናት። እውነቱን ለመናገር፣ ልፈርም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጠባቂያችን፣ ፊቷ የማይፈታ ወጣት ፖሊስ፣ መጽሐፍ ይዛ ወደ በሩ መጣች። የማታ ተማሪ ናት።

"አስተማሪ ነሽ አሉ። ይሄን አስረጂኝ እስቲ፤ ፈተና ደርሶብኛል።"

ያቀበለችኝ ያንኑ መጽሐፍ ነው። የተከፈተው ገጽ ላይ የእጅ አጥንቶች ሥዕል አለ። መዳፌን ጫንኩበት።

"ምነው?"

"መጽሐፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ይሄም የልጄ እጅ ነው። ወረቀት ላይ አስቀምጣልኝ ዙሪያውን በእርሳስ ስነድፈው ኮረኮርሽኝ እያለች ትስቅ ነበር። ትንሿን ጣት እያት፤ የታክሲ በር መትቷት ጎብጣ ቀረች።"

"እዚህ የሚገባ ሁሉ ንጹህ ነኝ ባይ ነው" አለችኝ።

ቢሆንም አስተማርኳት። የሰረቀኝ አለቃዬ እንጂ እሷ አይደለችም። አጥንቶቹን በራሷ ጣቶች ላይ እየዳሰሰች አጠናች። እስር ቤት ውስጥ ደስ አለኝ ብል ማን ያምነኛል? ግን ደስ አለኝ።

በማግስቱ ጎረቤቴ ልጄን ይዛ ስንቅ አመጣች። እንዳያቸው አልተፈቀደም። ጠባቂዋ ምሳ ዕቃውን ተቀብላ ተመለሰችና በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

"ልጅቷ ሰላም ልትለኝ እጇን ዘረጋችልኝ" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ጣቷን አየኋት።" ምሳ ዕቃውን በሁለት እጇ አቀበለችኝ። "መምህር፣ ይብሉ እንጂ፤ ይቀዘቅዝብዎታል።"

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ለሷ "አንቺ" ነበርኩ። እንባዬ ምሳ ዕቃው ላይ ወረደ።

መርማሪው ወረቀቱን ሲዘረጋልኝ እስክሪብቶውን መለስኩለት። "የልጄን እጅ የእኔ አይደለም ብዬ አልፈርምም" አልኩት። የሚገባው አልመሰለኝም። ከዚያ በኋላ እስር ቤት ብዙ ቆየሁ።

መጽሐፉ ዛሬም ሳሪስ አቦ መንገድ ዳር በአለቃዬ ስም ይሸጣል። ማንም አልጠየቀውም። በቀደም አንዱን ገዛሁት፤ ለገዛ መጽሐፌ ዋጋ ተከራክሬ። ልጄ ገጹን ገልጣ መዳፏን ሥዕሉ ላይ አሳረፈች። እጇ አድጎ ከመስመሩ ወጥቷል። ትንሿ ጣት ግን እንደ ሥዕሉ ወደዚያው ጎበጥ ብላለች።

"እማዬ፣ አሁንም እኔ ነኝ" አለችኝ።