እታለም የምትተኩሰው ቃል

ታላቅ እህቴን ቤት ውስጥ እታለም እንላታለን። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ካናቴራ ትተኩስ ነበር። ቶሎ ስለምትፈላ የሥራ ጓደኞቿ «እንፋሎት» ይሏታል።

ባለፈው ክረምት ካናቴራዎቹ ሁሉ ደረታቸው ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ነበራቸው፤ «ኦዳሲቲ»። እራት ላይ ትርጉሙን ጠየቀችኝ።

«ድፍረት ነው» አልኳት። «ሲያደንቁም ይሉታል፤ ሲሳደቡም ይሉታል።»

«ታዲያ እኔ ቀኑን ሙሉ የምተኩሰው የቱን ነው?»

«እንደ ለባሹ ነዋ!»

እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ለካውያዎቹ እንፋሎት የሚሰጠው ቦይለር ከጀርባዋ ነው። ግፊቱ ሲበዛ አናቱ ላይ ያለው ማስተንፈሻ እያፏጨ ይከፈታል፤ ያን ጊዜ ካውያዎቹ ይደክማሉ፣ ሥራ ይጓተታል። የመላኪያው ቀን ሲደርስ አለቃው ማስተንፈሻው እንዳይከፈት በሽቦ ጠፈረው። እታለም አየችና ፈታችው። ፉጨቱን ሲሰማ አለቃው እየሮጠ መጣ።

«ማነው የነካው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። እኛ ላይ ከሚተነፍስ እዚያው ይተንፍስ ብዬ ነው።»

«ምን ያለችው ደፋር ናት እናንተ! መሐንዲስ ነሽ?»

«አይደለሁም። ግን ከጀርባዬ ነው ያለው።»

«ሁለተኛ ብትነኪው ወደ ቤትሽ!»

ሽቦውን በገዛ እጁ መልሶ አሰረው። እሷም ማታ ይህን ሁሉ እንደ ቀልድ አወራችልን። እናታችን ግን አልሳቀችም። «ተይ ልጄ፣ አርፈሽ ሥሪ» አለቻት።

አርፋ ሠራች፤ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ። ቅዳሜ ቦይለሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አጠገቧ የምትተኩሰው ልጅ እንደነገረችን፣ እታለም «ውጡ! ውጡ!» ብላ ሴቶቹን ገፈተረቻቸውና ጉጠት ይዛ ወደ ሽቦው ሄደች። ሌሎቹ ወጡ። እሷ ሽቦውን ሳትፈታ ቦይለሩ ፈነዳ።

አለቃው ለቅሶ መጣ። ከሰው መሐል ተነሥቶ ዓይኑን እየጠረገ፣ «እንዲህ ያለች ደፋር ሠራተኛ በዕድሜዬ አላየሁም» አለ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ውኃ አቀረብኩለት፤ ቤታችን ነው የመጣው።

ሲወጣ ለመታሰቢያ ብሎ አንድ ካናቴራ እናቴ ጭን ላይ አኖረ። እናቴ ፊደሎቹን በጣቷ ዳሰሰቻቸው።

«ምን ይላል?» አለችኝ።

«አሁን እሱ ያለውን ነው።»

እናቴ የተጨማደደውን ካናቴራ በመዳፏ እየደጋገመች ዳበሰችው።

«አልተተኮሰም» አለች።