ሦስተኛው ስም

ግትር ነህ ይሉኛል፤ አልክድም።

በምሥራቅ ጦር ግንባር ቆስዬ፣ ዓመት ሙሉ ሆስፒታል ተኝቼ በክራንች ድሬዳዋ ተመለስኩ። በማግስቱ ከዚራ ሰፈር የቀበሌያችን ስብሰባ ገባሁ። እዚያ ቤት የተከራየሁት ልዘምት ሁለት ወር ሲቀረኝ ስለነበር የሚያውቀኝ ሰው አልነበረም።

ለሰማዕታት የህሊና ጸሎት ቆምን። ሊቀመንበሩ ከግድግዳው ሰሌዳ ስማቸውን አነበበ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ክራንቼን ተደግፌ ወደ ሰሌዳው ቀና አልኩ። ሰው ሁሉ ሲቀመጥ እኔ ቆሜ ቀረሁ።

«አብዲ ተረስቷል» አልኩ። «ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት ይሸጥ የነበረው። ስቆስል በጀርባው አዝሎ ሲያወጣኝ ነው ተመትቶ የሞተው።»

«ጓድ፣ ሰሌዳው ሞልቷል። ሌላ እስኪሠራ ጠብቅ።»

«አልጠብቅም። ሦስተኛውን ስም አጥፉና የእሱን ጻፉበት።»

አዳራሹ አጉረመረመ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው «አቦ ተቀመጥ፣ ወደየቤታችን እንግባበት» ብሎ ሸሚዜን ጎተተኝ። አልተቀመጥኩም።

«የሰማዕት ስም በማን ፈቃድ ነው የሚጠፋው?» አለ ሊቀመንበሩ ተቆጥቶ።

መታወቂያዬን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ስሙን አነበበ። አንዴ ሰሌዳውን፣ አንዴ እኔን አየ።

«ቀለም አምጡ» አለ።